ፊዚዮቴራፒስት ጠፋ ወይስ የሥራ መደብ ጠፋ? ጠይቁኝ

ሰላም ለሁላችሁም። ፊዚዮቴራፒስት ነኝ፣ ማለትም ከስብራት ወይም ከሕመም በኋላ ሰው መልሶ እንዲንቀሳቀስ የማለማምድ ባለሙያ። ጎንደር ተምሬ ነው የወጣሁት። አሥር ዓመት በመንግሥት ሆስፒታል ሠርቻለሁ፣ አሁን አዲስ አበባ አንድ የግል ክሊኒክ ውስጥ ነኝ። ስለ ሙያው ቅጥር በውስጥ መስመር የምትጠይቁኝ ስለበዛችሁ ዛሬ ማታ ሁላችሁም እዚሁ ጠይቁኝ።

ጥያቄ፦ ወንድሜ፣ የባለሙያ እጥረት አለ ይባላል። እህቴ ግን ተመርቃ ሁለት ዓመት ቤት ቁጭ ብላለች። እውነቱ የቱ ነው?

መልስ፦ ሁለቱም እውነት ነው፣ የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በብዙ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ለ1 ሚሊዮን ሕዝብ ያለው የተሃድሶ ሕክምና ባለሙያ ከ10 ያነሰ ነው። ሆስፒታል ግን የሚቀጥረው በታካሚው ብዛት አይደለም። መዋቅሩ ላይ በተፈቀደለት መደብና በያዘው በጀት ነው። እኔ የነበርኩበት ቦታ ሦስት ነበርን። አንዱ ዱባይ ሄደ፣ አንዷ ትምህርት ገባች፣ መደቦቹ ከዓመት በላይ ክፍት ቆዩ፣ እኔ የአጥንቱንም የስትሮኩንም የሕፃናቱንም ይዤ ብቻዬን ቀረሁ። ስትሮክ የመታው ሰው ገና አልጋ ላይ እያለ እንቅስቃሴ መጀመር ሲገባው ቀጠሮው ወር ይደርስ ነበር። ሲመጣ ትከሻው ደርቋል፣ ጣቶቹ ታጥፈው ቀርተዋል። በዚያው ሰሞን ተመራቂ ልጆች ሲቪያቸውን ይዘው እየመጡ "ቅጥር የለም" ተብለው ይመለሱ ነበር።

ሌላም አለ። ፊዚዮ ክፍል በሌለበት ሆስፒታል ሐኪሙ ታካሚውን ወዴት ይላከው? ያልተላከ ታካሚ ሪፖርት ላይ አይወጣም። ከዚያ መደብ ይከፈት ስትሉ "ታካሚው የታለ?" ትባላላችሁ።

ጥያቄ፦ ወጌሻ አለ፣ ማሳጅ ቤት አለ። ይህን ያህል ያስፈልጋል እንዴ?

መልስ፦ ያስፈልጋል። ስብራቱ ወጌሻ ዘንድ ከመጠን በላይ ጠብቆ ታስሮ፣ ደም ሳይደርሰው ቀርቶ፣ እጁ የተቆረጠ ልጅ በዓይኔ አይቻለሁ። ማሳጅ ደግሞ ሌላ ነገር ነው። የእኛ ሥራ ሰውዬው ራሱ እንዲነሳ፣ እንዲራመድ፣ ሽንት ቤት ብቻውን እንዲሄድ ማድረግ ነው።

ጥያቄ፦ ልጄ አራት ዓመቱ ነው፣ ሴሬብራል ፓልሲ የሚባለው፣ ከአንጎል ጉዳት የሚመጣ የእንቅስቃሴ ችግር አለበት። ያለነው ክፍለ ሀገር ነው። ንግግርና የእጅ ሥራ የሚያለማምደው ሰው አጣሁ።

መልስ፦ አይዞሽ እህቴ። የስፒች ቴራፒ (ንግግር የሚያለማምደው) እና የኦኩፔሽናል ቴራፒ (የእጅና የዕለት ተዕለት ሥራ የሚያለማምደው) ባለሙያ ከእኛም በጣም ያነሰ ነው። ኦኩፔሽናል ቴራፒን በዲግሪ ማስተማር የጀመረው ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ነው፣ ገና ጀማሪ ነው። እስከዚያው አንድ ፊዚዮቴራፒስት በወር አንዴም ቢሆን ካገኘሽ፣ ልጁን እንዲሠራልሽ ብቻ ሳይሆን አንቺን እንዲያስተምርሽ ጠይቂ። ባለሙያው ሲያሳይሽ በስልክሽ ቅረጪው። ስታበይው ቀጥ ብሎ ይቀመጥ፣ ጭንቅላቱ ወደ ኋላ አይውደቅ፣ ትን እንዳይለው። በወር አንዴ ከሚያገኘው ባለሙያ ይልቅ አንቺ በየቀኑ የምትሠሪለት ይበልጣል።

ጥያቄ፦ ዲሲ ነው የምኖረው። አገር ቤት ፊዚዮቴራፒስት ነበርኩ፣ እዚህ አረጋውያንን ቤት ለቤት እየተንከባከብኩ ነው። ወደ ሙያዬ መመለስ ይቻላል ወይ?

መልስ፦ ይቻላል፣ ግን ረጅም ነው። አሜሪካ አሁን አዲስ ተማሪ የሚመረቀው በዶክትሬት ነው። ስለዚህ ዲግሪሽ ተገምግሞ እኩል መሆኑ መረጋገጥ አለበት፣ ቀጥሎ ብሔራዊው የሙያ ፈቃድ ፈተና አለ። የኛ ባችለር ሲገመገም የኮርስ ጉድለት ሊወጣበት ይችላል። ጉድለቱ ከበዛ የሁለት ዓመቱን የፊዚዮቴራፒስት ረዳት ትምህርት በኮሚኒቲ ኮሌጅ አስቢበት፣ ራሱን የቻለ ፈቃድ ያለው ሙያ ነው። ትራንስክሪፕቱን ዛሬ ጀምሪ፣ ብዙ ሰው የሚጉላላው እዚያ ላይ ነው።

ጥያቄ፦ አንድ ኤጀንት እንግሊዝ ሆስፒታል አስገባሃለሁ፣ ቅድሚያ ክፈል አለኝ።

መልስ፦ እንዳትከፍል! ኢትዮጵያ የዓለም ጤና ድርጅት የጤና ባለሙያ እጥረት አለባቸው ብሎ በ2023 እ.ኤ.አ. ካወጣቸው 55 አገሮች አንዷ ናት። የእንግሊዝ የቅጥር ደንብ ከእነዚህ አገሮች ኤጀንት ሄዶ ሰው እንዲመለምል አይፈቅድም። ተቀጣሪውን ገንዘብ ማስከፈልም ክልክል ነው። አንተ ራስህ በቀጥታ ማመልከት ግን ትችላለህ። መጀመሪያ ኤችሲፒሲ የሚባለው መዝጋቢ አካል ይመዝግብህ። ለገልፍ (ለባሕረ ሰላጤው የዓረብ አገሮች) ከሆነ ዳታፍሎው የሚባለው አጣሪ ድርጅት ማስረጃህን ከየቦታው ያጣራል፣ ከዚያ ፈተና አለ። የሥራ ልምድ ደብዳቤህን ከመሥሪያ ቤትህ ሳትወጣ አስጽፍ።

ጥያቄ፦ ጥሎ መሄድ ክህደት አይመስልህም?

መልስ፦ አይመስለኝም። በግንቦት 2017 የጤና ባለሙያው ደመወዝ አልበቃንም ብሎ የጮኸው ከምር ነው። ቤት ኪራይ መክፈል ያቃተውን ሰው "አገርህን ውደድ" ብዬ ላስቀረው አልችልም።

ጥያቄ፦ 12ኛ ክፍል ነኝ። ልግባበት?

መልስ፦ ሰው ሲራመድ ማየት ደስ የሚልህ ከሆነ ግባ። የመውጫ ፈተና፣ ከዚያ የሙያ ፈቃድ ፈተና እንዳለ እወቅ። ቅጥር በአንድ ጀንበር እንደማይገኝም እወቅ። ግን ከተማ ውስጥ የግል ክሊኒኩም የቤት ለቤት ሥራውም እየሰፋ ነው።

ጥያቄ፦ የወረዳ ሆስፒታል ሥራ አስኪያጅ ነኝ። በጀት የለኝም። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ እግዜር ይስጥልኝ ስለጠየቁ። አንድ ደብተር ይክፈቱ። ስብራት፣ ስትሮክ፣ ቃጠሎ፣ እግሩ ተጣሞ የተወለደ ሕፃን፣ ፊዚዮ የሚያስፈልገውን ሁሉ ባለሙያ ባይኖርም ሐኪሞቹ ይመዝግቡ። ስድስት ወር ብቻ። የመደብ ጥያቄዎን ሲያቀርቡ ያንን ደብተር ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጡት።