«የታመምኩት ልቤን ነው»

ጥያቄ፦ የምንኖረው ቨርጂኒያ ነው። አባቴ የልብ ንቅለ ተከላ ያስፈልጋቸዋል ተብለው ወደ ሥነ ልቦና ባለሙያና ወደ ሶሻል ወርከር (የማኅበራዊ ድጋፍ ባለሙያ) ሲላኩ፣ «የታመምኩት ልቤን እንጂ አእምሮዬን አይደለም» ብለው አዘኑ። ምርመራው ለምን አስፈለገ?

መልስ፦ የአባትዎ ስሜት ይገባናል፤ ሆኖም ምርመራው የንቅለ ተከላው አንድ አካል እንጂ እብደት ፍለጋ አይደለም። ሰውነት አዲሱን ልብ እንደ ባዕድ ቆጥሮ እንዳያጠቃው መድኃኒት ዕድሜ ልክ ይወሰዳል፤ ከእነዚህም አንዱ የሆነው ታክሮሊመስ አብዛኛውን ጊዜ በየ12 ሰዓቱ ሰዓቱን ጠብቆ ስለሚዋጥ፣ ባለሙያዎቹ ስለ ድብርት፣ ስለ መጠጥና ስለ ሲጋራ፣ እስካሁን የታዘዘላቸውን መድኃኒት እንዴት እንደወሰዱ፣ ከሆስፒታል ሲወጡም ማን እንደሚያስታምማቸው ይጠይቃሉ። እ.ኤ.አ. በ2012 የአሜሪካው ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች ያሳተሙት መመዘኛ እንዲህ ያሉ 18 ነጥቦችን ይመረምራል። የሚገኘው ክፍተት ብዙ ጊዜ በሕክምናና በድጋፍ ሊሞላ ይችላል። አባትዎ የሚጾሙ ከሆነም የመድኃኒቱን ሰዓት ጉዳይ አሁኑኑ ያንሡት።

አንድ ነገር አጥብቀን እንለምንዎታለን፦ አስተርጓሚ እርስዎ አይሁኑ። አባት በልጁ ፊት «እንቅልፍ አጥቻለሁ፤ ሞትን እፈራለሁ» ለማለት ይከብደዋል። የፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚያገኝ ሆስፒታል ብቁ አስተርጓሚ በነፃ የማቅረብ ግዴታ አለበት፤ ቀጠሮ ሲይዙ የአማርኛ አስተርጓሚ ይጠይቁ።