ለአዲሱ ቻርተር ትምህርት ቤት ልፈርም ወይ ላልሽው እህቴ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ያየሁት ትናንት ማታ ከሥራ ስወጣ ነው። እዚህ ዋሽንግተን ዲሲ፣ ብራይትዉድ ሰፈር ውስጥ ቻርተር ትምህርት ቤት ሊከፍቱ ያሰቡ ሰዎች ቤትሽ ድረስ መጥተው «ሰፈሩ ይፈልገዋል ብለሽ ፈርሚልን» ብለውሻል። ልጅሽ ደግሞ በሚቀጥለው ዓመት ኬጂ ትገባለች። ልፈርም ወይስ ይቅርብኝ ነው ያልሽው። የእኔ መልስ፣ ስብሰባቸው ላይ ሄደሽ፣ ጠይቀሽ፣ መልሳቸውን ሳትሰሚ አትፈርሚ ነው። ለምን እንዲህ እንደምል ልንገርሽ። ሦስት ልጆች ዲሲ ውስጥ ነው ያስተማርኩት፤ ሁለቱ ቻርተር ገብተዋል።

በመጀመሪያ፣ ከጥያቄዋ ሥር አስተያየት ከጻፋችሁት አንዳንዶቻችሁ «ቻርተር የግል ነው፣ ይከፈልበታል» ብላችኋል። አይደለም። ክፍያ የለውም፣ በመንግሥት ገንዘብ ነው የሚሠራው፣ ፈተና አውጥቶ ልጅ አይመርጥም። ልዩነቱ የሚያስተዳድረው የከተማው ትምህርት ቢሮ ሳይሆን የራሱ ቦርድ ያለው ለትርፍ ያልተቋቋመ ድርጅት መሆኑ ነው። ፈቃዱ የ15 ዓመት ነው፤ ቢያንስ በየ5 ዓመቱ ይገመገማል። ካልሠራ ይዘጋል። ዲሲ ውስጥ ከመንግሥት ትምህርት ቤት ተማሪዎች ግማሽ ያህሉ ቻርተር ነው የሚማሩት፣ ስለዚህ እንግዳ ነገር አይደለም።

ያ «ካልሠራ ይዘጋል» የሚለው ነገር ወረቀት ላይ ሲነበብ ጥሩ ይመስላል። የእኔ ልጅ ላይ ደርሶ አይቼዋለሁ። የመሐለኛው ልጄ አራተኛ ክፍል ነበር። ትምህርት ቤቱን እንወደው ነበር፣ አስተማሪዋ በስሙ ጠርታ በር ላይ ነበር የምትቀበለው። በብርዱ ወራት መሐል ላይ አንድ ደብዳቤ በቦርሳው ይዞ መጣ። በእንግሊዝኛ የተጻፈ ሁለት ገጽ ነው፣ እኔ የመስክ ጉብኝት ፈቃድ መስሎኝ ፈርሜ ልመልስ ስል ነው ትልቁ ልጄ አንብቦ «እማ፣ ትምህርት ቤቱ ሊዘጋ ነው» ያለኝ። የተማሪው ቁጥር ቀንሶ ነበር። ገንዘቡ የሚመጣው በልጅ ቁጥር ስለሆነ ሲቀንሱ በጀቱ አብሮ ይቀንሳል፣ የሕንፃ ኪራዩ ግን አይቀንስም። ቦርዱ ተሰብስቦ በዓመቱ መጨረሻ እንዲዘጋ ወሰነ። ለሚቀጥለው ዓመት በዕጣ ትምህርት ቤት የሚያዝበት የሎተሪው ማመልከቻ ሊዘጋ የቀረው ጥቂት ሳምንት ነበር። ልጄ ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ የዚያን ትምህርት ቤት ሰማያዊ ቲሸርት ቅዳሜ ቅዳሜ ይለብስ ነበር።

እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ግን ሌላ ነው። በዲሲ ሕግ እያንዳንዱ ቻርተር ቦርዱ ላይ ቢያንስ ሁለት የተማሪ ወላጆች ሊኖሩት ይገባል። የእኛ አንዱ መቀመጫ ወራት ሙሉ ባዶ ነበር። ወላጆችን ለምነውን ነበር። እኔ የማታ ሥራ አለብኝ ብዬ ተውኩት፣ ሌላውም እንደዚሁ። ሐበሻው ብዙ ነበርን፣ በር ላይ ተገናኝተን ስንጫወት እናረፍዳለን፣ በጀቱ የሚነበብበት ክፍል ውስጥ ግን አንዳችንም አልገባንም። ገንዘቡ እያለቀ እንደሆነ አንድ ዓመት ቀድሞ እዚያ ተነግሯል። ብንሰማ ኖሮ ቢያንስ ልጆቻችንን በጊዜ እናዘጋጃቸው ነበር።

ለዚህ ነው «ሕዝቡ ይምረጥ» ሲባል ማን እንደሚመርጥ የምጠይቀው። ዲሲ ውስጥ ቻርተርን ያመጣው ኮንግረስ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1996 ባጸደቀው ሕግ። የሚፈቅደውም በከተማው ከንቲባ የሚቀርቡ ሰባት ሰዎች ያሉበት ቦርድ ነው። ቨርጂኒያ ፌርፋክስ ያለችው እህቴ ጋ ግን ያው ጉዳይ የሚወሰነው ራሷ ድምፅ በሰጠችለት የትምህርት ቦርድ ነው፣ ሜሪላንድ ሞንትጎመሪም እንደዚያው፤ ለዚህም ይመስለኛል እዚያ ቻርተር እንደ ዲሲ ያልበዛው። ሕጋችን አንድ ጥሩ ነገር አለው፦ ያለ የመንግሥት ትምህርት ቤት ወደ ቻርተር ይለወጥ ከተባለ የወላጆቹ ሁለት ሦስተኛና የመምህራኑ ሁለት ሦስተኛ መስማማት አለባቸው። አዲስ ሲከፈት ግን ይህ የለም። ያለሽ ድምፅ ይህ ፈቃድ ሰጪ ቦርድ የሚጠራው ሕዝብ የሚናገርበት ስብሰባ ነው፣ የአንቺም ፊርማ የሚቀርበው እዚያ ነው። ስለዚህ ዋጋ አለው፣ በነጻ አትስጪው።

ሊከፍቱ ያሰቡት ሰዎች ስብሰባ ስትሄጂ የትምህርት ቤቱ ቦርድ ላይ እነማን እንደሆኑ፣ ከሰፈራችን ሰው ካለ ጠይቂ። ሕንፃው የማን ነው፣ ኪራዩስ ስንት ነው? ስንት ልጅ ከተመዘገበ ነው በጀታቸው የሚሞላ፣ ያ ቁጥር ካልሞላ ምን ሊያደርጉ አስበዋል? ይህን ጥያቄ በደንብ የመለሰልኝ አንድ ትምህርት ቤት ብቻ ነው፣ ትንሿን ልጄን እዚያ አስገባኋት፣ ዘንድሮ አምስተኛ ዓመቷ ነው፣ እኔም የወላጅ መቀመጫውን ሁለት ዓመት ይዤዋለሁ። እንግሊዝኛዬ የተሟላ አይደለም። ቢሆንም ቁጥር ቁጥር ነው፣ ያልገባኝን ደግሜ እጠይቃለሁ።

አስተርጓሚ ጠይቂ፣ አትፈሪ። የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ትምህርት ቤት ወላጅን በሚገባው ቋንቋ የማነጋገር ግዴታ አለበት፣ በዲሲ መሥሪያ ቤቶች ደግሞ ከእ.ኤ.አ. 2004 ጀምሮ የወጣ የቋንቋ ሕግ አለ፣ አማርኛ ከሚተረጎምባቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው።

ሌላው የሎተሪው ነገር። የከተማው የጋራ የሎተሪ ማመልከቻ በሆነው በማይ ስኩል ዲሲ እስከ 12 ትምህርት ቤት ማመልከት ትችያለሽ፣ በእውነት በምትፈልጊው ቅደም ተከተል አስቀምጪያቸው፤ «ይደርሰኛል» ብለሽ የማትወጂውን አንደኛ አታድርጊ። ሰፈር ውስጥ ስለሆንሽ ብቻ አዲሱ ቻርተር ይወስዳታል ብለሽም አትቁጠሪ፣ ቦታው ካነሰ በዕጣ ነው። ለመኖሪያ አድራሻሽ የተመደበው የመንግሥት ትምህርት ቤት ግን ከኬጂ ጀምሮ ልጅሽን የመቀበል ግዴታ አለበት፣ በዓመቱ መሐልም ቢሆን። ቻርተሩ ሲዘጋ የእኔን ልጅ የተቀበለው እንዲህ ያለው ትምህርት ቤት ነው። የአንቺንም ሄደሽ እዪው፣ ርእሰ መምህሩን አነጋግሪ፣ ቻርተር ባይሆንም የአንቺው ነው።

የስብሰባውን ቀን ሲነግሩሽ እዚሁ ጻፊልኝ። ማክሰኞና ሐሙስ ማታ ሥራ የለኝም፣ አብሬሽ እመጣለሁ።