ምልክት ያልተለጠፈበት ኮንቴነር

ሰሞኑን አንድ ካዴት፣ የመርከብ ሥራ የሚማር ልጅ፣ ደውሎ «ጋሼ፣ የአደገኛ ጭነት ምልክቶችን በቃሌ ልያዛቸው? ወይስ ስልኬ ላይ ያለው አፕ ይበቃል?» አለኝ። ሳቅኩበት። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን ቦሱናችን፣ የዴክ ሠራተኞቹ አለቃ፣ ትዝ አለኝ፣ ቆጨኝም።

ከጅዳ ተነስተን ወደ ደቡብ እየወረድን ነበር፣ በሰኔ ሙቀት፣ የዴኩ፣ የመርከቡ ወለል፣ ብረት እግር የሚፈጅበት ወቅት። ከአንድ ኮንቴነር በር ሥር ቢጫ ፈሳሽ ይንጠባጠባል። አራቱንም ጎን ብናይ ምንም የተለጠፈ የለም፤ ማኒፌስቱ፣ የጭነቱ ዝርዝር፣ «የጽዳት ዕቃ» ይላል። ቦሱኑ የአሰብ ልጅ ነው፣ ባሕር ላይ ያረጀ፣ ቡናውን ራሱ ካልቆላ የማይጠጣ፣ ስንት ጊዜ ከመርከቡ ወጥ ሠሪ ጋር ተጣልቷል በዚህ። ዘይት መስሎት በጨርቅ ጠረገው፣ ያለ ጓንት። ወዲያው መጮህ ጀመረ። በውሃ አጠብነው፣ ብዙ አጠብነው። ወደብ ደርሰን ኮንቴነሩ ሲከፈት በርሜሎቹ ላይ የክፍል 8 ምልክት ቁጭ ብሏል (አደገኛ ጭነት በዓይነቱ በቁጥር ይከፈላል)፦ ፈሳሽ እጅና ብረት ሲበላ የሚያሳየው። ውጪ ያልለጠፉት ተጨማሪ ክፍያ ለመሸሽ ነው ተባለ። ቦሱኑ ከዚያ ወዲህ መርከብ ላይ አልወጣም። አሁን የት እንዳለ እንኳ አላውቅም።

እ.ኤ.አ. በ2021 ኮሎምቦ አጠገብ የተቃጠለችው የጭነት መርከብ ኤክስ-ፕሬስ ፐርልም ናይትሪክ አሲድ የሚያፈስ ኮንቴነር ይዛ ነበር። የኳታሩ ሃማድና የህንዱ ሃዚራ ወደቦች አናወርድላችሁም ብለዋት ነው ወደዚያ የሄደችው።

እና አፑን ጫኑት፣ ምን ከፋኝ። የዛሬ ልጆች ግን ሁሉን ነገር ስልክ ውስጥ ማስቀመጥ ትወዳላችሁ፤ ጭስ መሃል ስልክ የሚያወጣ ሰው አላየሁም። ቢያንስ ቀለሙን ያዙ። ቀይ ተቀጣጣይ ነው። ቢጫው፣ ክፍል 5.1፣ የሌላውን እሳት ያባብሳል። ሰማያዊው፣ ክፍል 4.3፣ ውሃ ሲነካው ተቀጣጣይ ጋዝ ያወጣል፤ እሱን ካያችሁ የውሃ ሆዝ ከመሳባችሁ በፊት ባለአራት አሃዙን ዩኤን ቁጥር፣ ጭነቱ ምን እንደሆነ የሚናገረውን፣ አንብባችሁ ለብሪጅ፣ መርከቡ ለሚመራበት ክፍል፣ ንገሩ። 1402 ካልሲየም ካርባይድ ነው፣ 1203 ቤንዚን። ምልክቱን እመኑት እላለሁ፣ ቦሱኑን ሳስብ ደግሞ አትመኑት እላለሁ። የተለጠፈውን እመኑ፣ ያልተለጠፈበትን ጠርጥሩ፣ እንዲህ ይሻላል መሰለኝ።

ባዶ ተብሎ የሚመለስ ታንክም አያታልላችሁ። ታጥቦ ጋዙ እስኪወጣ ድረስ ምልክቱ መነሳት የለበትም። ቀድሞ የሚልጥ ካያችሁ ለቺፍ ሜቱ፣ ከካፒቴኑ ቀጥሎ ላለው መኮንን፣ ተናገሩ፣ ከተቆጣም ይቆጣ።