መልስ፦ ለዋልካ አፈር ቡጋንቪላ ወይስ ጽጌረዳ?

ሰላም እህቴ። አዲስ አበባ፣ ዋልካ (ጥቁር፣ የሚጣበቅ) አፈር፣ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ የሚያገኝ አጥር ካልሽ፣ ቡጋንቪላ ይሻልሻል። ጽጌረዳም ይሆናል፣ ግን መግረዙና በሽታው ሥራ ያበዛል።

የዋልካ ችግሩ ውኃ መያዙ ነው። ጉድጓዱ ክረምት ላይ እንደ ገንዳ ይሞላና ሥሩ ይበሰብሳል፤ ቅጠሉ ቢጫ ሲሆን ደግሞ ሰው ጠምቶት ነው ብሎ ውኃ ይጨምርበታል! ስለዚህ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ያለ መደብ ሥሪ፤ ሁለት እጅ አፈር፣ አንድ እጅ በደንብ የተብላላ ፍግ። ትኩስ ፍግ ሥር ያቃጥላል።

የቡጋንቪላ ሥር ስስ ነው። ችግኙ ያለበትን ፕላስቲክ በምላጭ ሰንጥቂው እንጂ ግንዱን ይዘሽ አትጎትቺ፤ አፈሩ ከረገፈ ችግኙ ይጠወልጋል። በችግኞቹ መካከል 1.5 ሜትር ተዪ። ዝናቡ ሲቀንስ፣ መስከረም ላይ ትከዪ፤ በመጀመሪያው በጋ በየሳምንቱ አጠጪ። ከጠና በኋላ ውኃ ካበዛሽበት ቅጠል ብቻ ነው የሚያወጣው።