ሚሞሪ እያለው «ሚሞሪ የለም» የሚል ሰርቨር

ጥያቄ፦ ሰላም ናችሁ? የመሥሪያ ቤታችንን ፓስወርዶችና ቁልፎች የሚይዝ ፕሮግራም ኡቡንቱ ላይ ጭኛለሁ። በኤስኤስኤች (ከሩቅ) ገብቼ በእጄ ሳስነሳው ሸጋ ይሠራል። ከጀርባ የሚሠሩ ፕሮግራሞችን (ሰርቪሶችን) የሚያስነሳው ሲስተምዲ ሲያስነሳው ግን «ሚሞሪ ማግኘት አልተቻለም» ብሎ ወዲያው ይሞታል። ኧረ 11 ጊጋባይት ባዶ ሚሞሪ አለኝ! ሊሚትስ ዶት ኮንፍ በሚባለው የገደብ ፋይል ላይ ሜምሎክን (የሚቆለፍ ሚሞሪ ልክን) አንሊሚትድ (ያለ ገደብ) አድርጌ ሰርቨሩን ሦስቴ ሪስታርት አደረግኩት፤ ንክች አላለም። ምን በደልኩት?
ከአዳማ

መልስ፦ ምንም አልበደልከውም ወንድሜ። ያስተካከልከው ፋይል ሰርቪሱ የማያየው ፋይል ስለሆነ ነው። እኔም በዚችው ነገር አንድ ሙሉ ቅዳሜ አቃጥያለሁ።

መጀመሪያ መልእክቱ አያታልልህ። የጠፋው ሚሞሪ ሳይሆን የመቆለፍ ፈቃድ ነው። እንዲህ ያሉ ፕሮግራሞች ቁልፍህን የያዘውን የሚሞሪ ገጽ «ይሄን ወደ ስዋፕ እንዳትወስድብኝ» ብለው ከርነሉን (የሲስተሙን እምብርት) ይጠይቃሉ፤ ስዋፕ ዲስክ ነውና ፓስወርድህ እዚያ ከተጻፈ ማሽኑ ከጠፋም በኋላ ሊገኝ ይችላል። ከርነሉ ደግሞ ሁሉም እንዳሻው ቆልፎ ሌላውን እንዳያፍን ጣሪያ ያበጃል። ለብዙ ዓመት ጣሪያው 64 ኪሎባይት ብቻ ነበር፤ ከርነል 5.16 ላይ ነው 8 ሜጋባይት የሆነው። ጣሪያውን ስታልፍ የሚመጣው ስህተት ሚሞሪ ሲያልቅ ከሚመጣው ጋር አንድ ነው። ግራ የሚያጋባውም ይሄው ነው።

አሁን ወደ ፋይሉ። ሊሚትስ ዶት ኮንፍን የሚያነበው ፓም የሚባለው የመግቢያ ተቆጣጣሪ ነው፣ ያውም ሰው ሎግኢን ሲያደርግ። ፓምን በር ላይ የቆመ ዘበኛ አድርገህ አስበው፤ ፋይሉ እጁ ላይ ያለ የስም ዝርዝር ነው። አንተ በበሩ ገባህ፣ ዝርዝሩ ታየልህ፣ ፕሮግራሙም ከአንተ ወርሶ ሠራ። ሰርቪሱ ግን በበሩ አልገባም፣ ግቢው ውስጥ ነው የተወለደው። ልኩን የሚሰጠው ሲስተምዲ ራሱ ነው።

ስለዚህ ሲስተምሲቲኤል ኤዲት ብለህ የሰርቪሱን ስም ጻፍ። በሚከፈተው ፋይል «ሰርቪስ» ከሚለው ርዕስ ሥር ሊሚትሜምሎክ እኩል ይሆናል 64ኤም በል፤ ሴቭ አድርገህ ሰርቪሱን ሪስታርት አድርገው። «ኤም»ን እንዳትረሳ! ሊሚትስ ዶት ኮንፍ በኪሎባይት ነው የሚቆጥረው፤ ሲስተምዲ ግን ባዶ ቁጥር ካገኘ ባይት ነው ብሎ ይወስደዋል። 64 ባይት ደግሞ ለማንም አይበቃም።

ለአንተ 64 ሜጋባይት ይበቃል ወይ? ፕሮግራሙ ቁልፎቹን ብቻ ከሆነ የሚቆልፈው ይተርፋል። ኤምሎክኦል የሚባለውን ተጠቅሞ ሙሉ ሚሞሪውን የሚቆልፍ ከሆነ ግን ጠዋት ደህና ተነሥቶ ከሰዓት ሥራ ሲበዛበት ሊወድቅብህ ይችላል፣ ምክንያቱም ወደፊት የሚወስደውም ሚሞሪ ከዚያው ጣሪያ ላይ ይቆጠራል። እንዲህ ዓይነቱን በ64ኤም ፋንታ ኢንፊኒቲ (ያለ ጣሪያ) አድርግለት። የትኛው እንደሆነ ማኑዋሉ ላይ አለ።

መሥራቱን በግምት አትተወው። ፕሮክ በሚባለው ፎልደር ውስጥ በፕሮሰሱ (በሚሠራው ፕሮግራም) ቁጥር የተሰየመ ፎልደር አለ። እዚያ ሊሚትስ የሚለው ፋይል ጣሪያውን በባይት ያሳይሃል። ስታተስ የሚለው ፋይል ላይ ደግሞ ቪኤም ኤልሲኬ የሚለውን መስመር ፈልግ፤ አሁን ስንት እንደተቆለፈ ይነግርሃል።

«በሩት (ሙሉ ሥልጣን ባለው አካውንት) አስነሣውና ተገላገል» የሚልህ አይጠፋም። እውነት ነው፣ ሩት ላይ ጣሪያው አይሠራም። ግን ፓስወርድ የሚጠብቅ ፕሮግራም ሙሉ ሥልጣን ይዞ ሲዞር እኔ እንቅልፍ አይወስደኝም። የግድ ከሆነ ካፕ አይፒሲ ሎክ የሚባለውን ፈቃድ ብቻ ስጠው።

አንድ ነገር ልጨምር። ላፕቶፕ ላይ የምትሞክረው ከሆነ መብራት ሄዶ ባትሪው ሲያልቅ ማሽኑ ሃይበርኔት ቢያደርግ፣ ተቆለፈ አልተቆለፈ ሳይል ሚሞሪውን ዲስክ ላይ ይገለብጠዋል። ወይ ሃይበርኔትን አጥፋው፣ ወይ ስዋፑን ኢንክሪፕት አድርገው።