ቡናችንን ለሚጠጡት አባ እንዴት ልናዘዝ?

ጥያቄ፦ አባ፣ ካቶሊክ ሆኜ ነው ያደግኩት። የቁምስናችን (የአጥቢያችን) ካህን ቅዳሜ ቅዳሜ እናቴ ቤት ቡና ይጠጣሉ። እሁድ ደግሞ ተንበርክኬ በወንድሜ ላይ የያዝኩትን ቂም ልነግራቸው ነው? ሦስት ጊዜ ተሰልፌ፣ ተራዬ ሲደርስ ሹልክ ብዬ ወጥቻለሁ። በቀጥታ ለእግዚአብሔር ብነግረው ምን አለበት?

መልስ፦ ልጄ፣ ንገሪው እንጂ፤ ማን ከለከለሽ? ግን ክርስቶስ ሐዋርያቱን «ኃጢአታቸውን ይቅር ያላችኋቸው ሁሉ ይቀርላቸዋል» ብሏቸዋል፤ ዮሐንስ 20፥23 ላይ ታገኚዋለሽ። ቤተ ክርስቲያን የካህኑን ሥልጣን ከዚህ ነው የምታመጣው። ይቅር ባዩ እግዚአብሔር ነው፤ ካህኑ አገልጋይ ነው። እኔም ራሴን ከኃጢአት መፍታት አልችልም። ሌላ ካህን ፊት እንበረከካለሁ፣ አፌም እንዳንቺው ይተሳሰራል። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንሲስ እንኳ እ.ኤ.አ. በ2014 በቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ ሰው እያያቸው ተንበርክከው ተናዘዋል።

ወደ ቡናው እንምጣ። በኑዛዜ የሰማውን አውቆ ያወጣ ካህን ይወገዛል። ለፖሊስም ለእናትሽም ትንፍሽ አይልም። ቂሙን በአንድ ዓረፍተ ነገር ተናገሪ፤ የወንድምሽን ጥፋት አትዘርዝሪ። (ብዙ ሰው የሚናዘዘው የጎረቤቱን ኃጢአት ነው!) አሁንም ካፈርሽ ሌላ ቁምስና ሂጂ። አባም አይቀየሙሽም፣ ቅዳሜም ቡናቸውን ይጠጣሉ።