መልስ፦ በሥራ ብዛት የዛለ ሰው በልብ ወለድ

«የተለያዩ ባህሎች በሥራ ብዛት መዛልን በልብ ወለድ እንዴት ያሳዩታል?» ላልከው፣ እኔ መጀመሪያ የማየው ጥፋቱ የማን ተደርጎ እንደቀረበ ነው።

ጃፓንን ውሰድ። ከሥራ ብዛት ለሚመጣ ሞት «ካሮሺ» የሚል ራሱን የቻለ ቃል አላቸው። የኮባያሺ ታኪጂ «ካኒኮሰን» (1929 እ.ኤ.አ.) ሸርጣን አጥምዶ በቆርቆሮ በሚያሽግ መርከብ ላይ የሚማቅቁ ሠራተኞችን ይተርካል። አንድ ዋና ገጸ ባሕርይ የለውም። የሚዝለው ቡድኑ ነው፤ የሚያምፀውም ቡድኑ። መጽሐፉ በ2008 እ.ኤ.አ. እንደገና እንደ ጉድ ተቸብችቧል። ቋሚ ሥራ ያጡ ወጣቶች ራሳቸውን አዩበት።

የፕራጉ ደራሲ ካፍካ በ«ሜታሞርፎሲስ» የፈጠረው ግሬጎር ሳምሳ ግን ብቻውን ነው። ተባይ ሆኖ ሲነቃ እንኳ የሚያስጨንቀው ያመለጠው ባቡር ነው! ገና ትንሽ እንደዘገየ ከመሥሪያ ቤቱ አለቃ ቤቱ ድረስ ይመጣል። እኔን የሚያስቀኝም የሚያስፈራኝም ይሄ ቦታ ነው። ቤተሰቡ የሚኖረው በእሱ ደመወዝ ነበር። መሥራት ሲያቅተው ፍቅራቸውም ቀስ በቀስ ያልቃል።

አሜሪካዊው ደራሲ ሜልቪል በ1853 እ.ኤ.አ. በአጭር ልብ ወለድ የፈጠረው የጽሕፈት ሠራተኛ ባርትልቢ ሌላ ዓይነት ነው። አይጮኽም፣ አይሳደብም። ሥራ ሲታዘዝ «ባላደርገው ይሻለኛል» ይላል፣ አለቀ። ተራኪው አለቃው ስለሆነ የሰውየውን ውስጥ መቼም አናውቅም። ዝለት ይሁን ሌላ ነገር አንባቢ ይከራከርበት።

ደግሞ አንድን ደራሲ የአገሩ ሁሉ ወኪል አድርገህ እንዳትወስድ። ካፍካን ያነበበ ሁሉ ፕራግን አያውቃትም። ለመጀመር ከፈለግህ ባርትልቢን ያዝ፤ አጭር ነው፣ ባንድ ቁጭታ ያልቃል።